ቢች (የባህር ዳርቻ) እንዴት ይጸዳል? ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚጀምረው ስራ በዝርዝር

ባለፈው የእህቴ ልጅ ከባህር ዳር ደወለልኝ፣ ማዘጋጃ ቤት ጽዳት ክፍል ነው የሚሰራው። "ጋሼ፣ እናንተ ጋ ያ ሁሉ ሰው ባህሩ ዳር ሲበላ ሲጠጣ ውሎ ጠዋት ላይ ምንም የማይታየው እንዴት ነው?" አለኝ። ሳቄ መጣ። ያ "ምንም" ያለው ነገር እንዲመጣ ስንት ወገብ እንደሚጎብጥ እኔ ነኝ የማውቀው። እዚህ እስራኤል በሜዲትራኒያን ዳር ባለች አንድ ከተማ ለኢሪያው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ብዙ አመት ቢች ጽዳት ላይ ሰርቻለሁ፣ መጀመሪያ በእጅ ለቃሚ፣ በኋላ የፈረቃ ኃላፊ። በስልክ ያወራሁትን እዚህ ዘርዝሬ ላስቀምጠው፣ ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበል። ሰው ቢች ማጽዳት ሲባል ትልቅ ማሽን ገዝቶ ማስነዳት ይመስለዋል። ማሽኑ የስራው ሲሶ ቢሆን ነው። ከባዱ ነገር ቆሻሻውን አንስቶ አሸዋውን እዛው መተው ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ቆዩ።

1. መጀመሪያ በእግር ዙሩት፣ ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ እወቁ

ሰራተኛ ሳይቀጠር፣ ማሽን ሳይገዛ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ደብተር ይዛችሁ ዳርቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱበት። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። የምታዩት ቆሻሻ ሶስት አይነት ነው። አንደኛው ሰው ጥሎት የሄደው ነው፣ ከሰል፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የፕላስቲክ ሳህን፣ ዳይፐር፣ የሱፍ ፍሬ ልጣጭ። ይሄ ሰው ቁጭ ብሎ የዋለበት ቦታ ላይ ክምችት ይሰራል፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው ባለው መንገድ ላይ ደግሞ እንደ ቆሎ ተዘርቶ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ባህሩ የሚተፋው ነው፣ የአሳ መረብ ቁራጭ፣ ፎም፣ ጸሀይ የበላው ፕላስቲክ። እሱ ማዕበሉ የደረሰበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ሰርቶ ይተኛል። ሶስተኛው ከከተማው ራሱ በዋዲ፣ ማለት በደረቅ ወንዝ፣ እና በዝናብ ውሃ ቦይ ወርዶ የሚመጣው ነው።

እነዚህን ሶስቱን ካልለያችሁ ጉልበታችሁን ነው የምታባክኑት። የዋዲ ቆሻሻን ዳርቻው ላይ ጠብቆ መልቀም ማለት ቧንቧው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

ባህሩ የሚተፋው ላይ ትንሽ ልጫወት። እዚህ ሞገዱ ከግብጽ በኩል ወደ ሰሜን ነው የሚጎትተው፣ አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የግብጽ፣ የሊባኖስ፣ የቱርክ ጽሁፍ አለበት። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ነው ያደግነው፣ ዛሬ ዴልታው ጋ፣ ባህር የሚገባበት ቦታ ማለት ነው፣ ሲደርስ ሃይላንድ ይዞ ነው የሚዞረው። የኛውማ ግብጽ አስዋን ግድብ ላይ ይቀራል። ግን ቀልዱን ትተን፣ ይሄ የምንረግጠው አሸዋ ራሱ በአብዛኛው ናይል ያወረደው ነው፣ ባህሩ እየገፋ እየገፋ ከዴልታው እዚህ ድረስ ያመጣው። የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1970 (አመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ካለቀ በኋላ ደግሞ ወንዙ ወደ ባህር የሚያወርደው ነገር በጣም ቀነሰ። ስለዚ አሸዋ የሚተካ ሀብት አይደለም፣ ከዳርቻ ላይ ያወጣኸው አካፋ ሙሉ አሸዋ በቀላሉ አይመለስም። ይቺን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች።

2. የማነው? የሚለውን ጨርሱ

በካርታ ላይ ዳርቻውን ከፋፍሉት። እዚህ ሀገር ማጺል የሚሉት ነፍስ አድን የቆመበት፣ መዋኘት የተፈቀደበት ቢች አለ፣ እሱን ኢሪያው በየቀኑ ያጸዳዋል። በመሀል ያለው፣ መዋኘት የማይፈቀድበት ክፍት ዳርቻ ግን ለብዙ ጊዜ የማንም ነበር፣ ሰው ይሄዳል ቆሻሻው ይቀራል። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር በ2005 ንጹህ ዳርቻ የሚለውን ፕሮግራም ሲጀምር ዋናው ጉዳይ ያ ነበር፣ ለማዘጋጃ ቤቶች በጀት እየደገፈ ክፍቱም እንዲጸዳ፣ ውጤቱም ተለክቶ ለህዝብ እንዲወጣ። እናንተም ጋ ሆቴል የያዘው፣ ቤተክርስቲያን የያዘው፣ አሳ አስጋሪ የያዘው፣ ማንም ያልያዘው እያላችሁ በቀለም ለዩት። የማንም ያልሆነው ላይ የሰው ስም ጻፉበት፣ "ክፍሉ ይከታተላል" የሚል ነገር ሳይሆን የሰው ስም።

3. ቁጠሩት

ይሄኛው ክፍል አሰልቺ ነው ግን ካልተቆጠረ ሁሉም ሰው "ዘንድሮ ይሻላል" ብሎ ያልፋል። እዚህ የምንጠቀምበት ዘዴ ልጅም ይሰራዋል። ሜትር ይዛችሁ አንድ ቦታ ለኩ፣ እንበል ርዝመቱ 50 ሜትር ወርዱ 10 ሜትር፣ 500 ካሬ ሜትር መጣ። እሱ ውስጥ ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ፕላስቲክ ሁሉ ቁጠሩ። የቆጠራችሁትን ለካሬ ሜትሩ አካፍሉ፣ በ20 አባዙ። አለቀ።

60 ፍሬ ካገኛችሁ 60 ለ500 ሲካፈል 0.12፣ በ20 ሲባዛ 2.4። ከ0 እስከ 2 በጣም ንጹህ፣ ከ2 እስከ 5 ንጹህ፣ ከ5 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከ10 እስከ 20 ቆሻሻ፣ ከ20 በላይ ሲሆን አይወራም። ስለዚ የናንተ 2.4 ንጹህ ነው። 300 ፍሬ ቢሆን ኖሮ 12 ይመጣ ነበር፣ ቆሻሻ። ሁሌ አንድ አይነት ቦታ፣ አንድ አይነት ሰዓት፣ በየሁለት ሳምንቱ አድርጉት። እና ከጽዳቱ በፊት የሚቆጠር ከሆነ ሁሌም ከጽዳቱ በፊት ይሁን፣ አንዴ በፊት አንዴ በኋላ እየተቆጠረ ሪፖርት ሲያምር አይቻለሁ።

4. ሰዓቱ

እኛ የምንገባው በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ለምን መሰላችሁ፣ ሽማግሌዎቹ ዋናተኞች ገና ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፣ ከነሱ በኋላ ትራክተር ማስነዳት አደጋ ነው። ደግሞ ጸሀይዋ ከወጣች ሰራተኛው ይደክማል፣ ነፋስ ይነሳል፣ ነፋስ ከተነሳ ደግሞ ትናንት ማታ አንድ ቦታ የተከመረው የፕላስቲክ ሳህን 200 ሜትር ላይ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። ለቃሚው የሚያውቀው ህግ ይሄ ነው፣ ነፋስ ሳይነሳ አንድ ሰው የሚጨርሰው ከነፋስ በኋላ ለሶስት ሰውም አይበቃም።

የሳምንቱ ክብደት እዚህ ከአርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ ነው። በበጋ ቅዳሜ ማታ የሚቀረው ማንጋል፣ ማለት የስጋ ጥብስ ድግስ፣ የሳምንቱን ግማሽ ቆሻሻ ያህል ይመስለኛል፣ ስለዚ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት እጥፍ ሰው ይገባል፣ ማክሰኞ ደግሞ ይቀንሳል። ሰራተኛን ለሰባቱም ቀን እኩል ማከፋፈል በወረቀት ላይ ነው የሚያምረው። እናንተ ጋ እሁድ ከሰዓት ነው ወይስ ጥምቀት ሰሞን፣ የራሳችሁን ቁጠሩ።

5. ሁሌም እጅ ከማሽን ይቅደም

ለቃሚዎቹ ትራክተሩ ሳይገባ መስመር ሰርተው፣ በክንድና በክንድ ርቀት ይሄዳሉ። ጓንት፣ ረጅም መቆንጠጫ፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ። ሁለት ጆንያ ይያዝ፣ አንዱ ለጠርሙስና ጣሳ። የጠርሙሱ ነገር እዚህ በጣም ቀሎልናል፣ ትንንሹ ጠርሙስ ሲገዛ የሚያዝ፣ ባዶው ሲመለስ የሚከፈል 30 አጎሮት (የእስራኤል ሳንቲም) ማስያዣ አለው፣ ከታህሳስ 2021 ጀምሮ ትልልቁም ገባበት፣ አሁን እኛ ሳንደርስ ለቃቅሞ የሚወስድ ሰው አለ። የሚጣል የፕላስቲክ ሳህንና ኩባያ ላይ ደግሞ በ2021 መጨረሻ ታክስ ተጥሎ ነበር፣ በ2023 ተነሳ። ፖለቲካውን አልገባበትም፣ ሳህኑን ግን እኛ ነን የምንለቅመው።

እጅ ለምን ይቅደም? ምክንያቱም ማሽን የማያየው ነገር አለ። አንዱ ከሰል ነው። ሰው ጥብሱን ሲጨርስ ፍሙን አሸዋ ያለብሰዋል፣ "አጠፋሁት" ብሎ ይሄዳል። አሸዋ ደግሞ እንደ ረመጥ ነው፣ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። አንድ ሌሊት በጨለማ ጓንቴን አውልቄ የሺሽሊክ፣ ማለት የጥብስ ስጋ መሰኪያ፣ ሽቦ ልስብ እጄን ስሰድ ውስጡ ገና ፍም ነበር፣ የጣቴ ጫፍ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም አለ። ያ ቦታ ላይ ጠዋት ህጻን ቢረግጥስ? ስለዚ ለቃሚው በአካፋ ይገልጠዋል፣ ውሃ ያፈስበታል፣ ፉጨቱ ሲያቆም በብረት በርሜል ይወጣል። በፕላስቲክ ገንዳ እንዳታደርጉት፣ ገንዳው ነው የሚቃጠለው።

ሌላው መርፌና ስብርባሪ ብርጭቆ ነው። መርፌ በእጅ አይነካም፣ በመቆንጠጫ ተይዞ ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ እቃ ይገባል፣ በጆንያ አይደረግም። የተሰበረ ጠርሙስ ሲገኝ ደግሞ ዙሪያውን አንድ ሜትር አሸዋ በእጅ ወንፊት ንፉት፣ ማሽኑን ካስቀደማችሁ ስብርባሪውን ይበትነዋል።

6. ማሽኑ

እንግዲህ ትራክተር ኋላ የሚጎተት ማሽን ነው፣ ባርበር ሰርፍ ሬክ የሚባለው የአሜሪካ ነው፣ ቢችቴክ የጀርመን፣ ሌላም አለ። በመሰረቱ ሁለት አይነት አሰራር ነው። አንዱ በሚዞር ቀበቶ ላይ የተደረደሩ የብረት ጥርሶች አሸዋውን እንደ ማበጠሪያ አበጥረው ቆሻሻውን ወደ ሳጥኑ ይወረውራሉ፣ ይሄ እርጥብ አሸዋ ላይም ይሰራል። ሌላው አሸዋውን ከነቆሻሻው አንስቶ በሚንቀጠቀጥ ወንፊት ያበጥራል፣ ትንንሹን ነገር የሚይዘው እሱ ነው፣ ግን ደረቅ አሸዋ ይፈልጋል። ጤፍ የነፋች ሴት ወዲያው ይገባታል፣ እህሉ እርጥብ ከሆነ ወንፊቱ ላይ ይጋገራል። ጤዛ የጠጣ አሸዋም እንደዛው ነው፣ ሳይወርድ ሳጥኑ ውስጥ ይገባና ቆሻሻ ተብሎ ይወጣል።

ስለዚ ለሹፌሩ የምነግረው፦ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ጥርሱን አታጥልቅ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ውሃው ጠርዝ ላይ አትሂድ። ሳር የበቀለበት የአሸዋ ኮረብታ ጋ አትጠጋ፣ አሸዋውን የያዘው ያ ሳር ነው። ሳጥኑ ሲሞላ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ መኪና አትገልብጥ፣ እዛው ዳርቻው ጀርባ ላይ ክመረው፣ ሁለት ቀን ይድረቅ፣ እንደገና እንንፋውና አሸዋው ይመለስ። ይቺን የመጨረሻዋን ሁሉም ይዘላታል፣ ጊዜ ስለምትወስድ።

የሲጋራ ቁራጭ ብዙ ጊዜ በጥርሱ መሀል ያመልጣል። ፊልተሩ ደግሞ ጥጥ የሚመስል ፕላስቲክ ነው፣ በቀላሉ አይበሰብስም። ያለው አማራጭ ወንፊት ወይም እጅ ነው።

ከግንቦት እስከ ነሀሴ ደግሞ የባህር ዔሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት ወቅት ነው። ሌሊት ወጥታ ጉድጓድ ቆፍራ ትቀብራለች። ዱካዋ የትንሽ ትራክተር ጎማ ዱካ ይመስላል፣ አንዱ ሹፌራችን "ማነው ሌሊት እዚህ የነዳው?" ብሎ ሲቆጣ ነበር። በዚህ ወቅት መጀመሪያ አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ ዱካ ያያል፣ ካገኘ በገመድ ይከልላል፣ የተፈጥሮና ፓርኮች ባለስልጣን ጋ በኮከብ 3639 ይደወላል፣ እነሱ መጥተው እንቁላሉን ወደ ተጠበቀ ቦታ ያዛውሩታል። እስኪመጡ ማሽን አይገባም።

7. ባህሩ ያወጣው ሁሉ ቆሻሻ አይደለም

የባህር ሳር፣ ቅርፊት፣ እንጨት ይህን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ማንሳት የጀማሪ ስራ ነው። ሳሩ አሸዋ ይይዛል፣ ትንንሽ ነፍሳት ይኖሩበታል፣ ወፍ ከዛ ትበላለች። በክረምት ዋናተኛ በሌለበት ፕላስቲኩን ከውስጡ ልቀሙና ሳሩን ተዉት። በዋና ወቅት ከሸተተና ሰው ከተማረረ ወደ ዳር ሰብስቡት።

ሜዱዛ፣ ማለት ጄሊፊሽ የሚባለው የሚዝለገለግ የባህር እንስሳ፣ ግን ሌላ ነው። በበጋ፣ በተለይ ሰኔና ሀምሌ ላይ፣ ከቀይ ባህር በስዊዝ ካናል የገባው ዝርያ መንጋ ሆኖ ይመጣል፣ ማዕበሉ ዳርቻ ላይ ይጥለዋል። ሞቶም ይናደፋል፣ ስለዚ በአካፋና በጓንት።

8. የቆሻሻ ገንዳ የት ይቀመጥ?

ሰው ወደ ውሃው ሲሄድ አይጥልም፣ ሲመለስ ነው የሚጥለው፣ ለዛውም እጁ በፎጣ፣ በልጅ፣ በማቀዝቀዣ ሳጥን ተይዞ። ገንዳው ከመንገዱ አስር እርምጃ ወጣ ካለ አይሄድለትም። መውጫው ላይ፣ ሻወሩ ጋ፣ ጥላው ስር አድርጉት። ክዳን ይኑረው ግን በእጅ የሚከፈት አይሁን። ክዳን ከሌለው ቁራና ድመት ሌሊቱን አውጥተው ይዘረግፉላችኋል። እና በተጨናነቀ ቀን እኩለ ቀን ላይ መነሳት አለበት፣ የሞላ ገንዳ ካየ ሰው አጠገቡ ይከምራል፣ አንዱ ከከመረ ሌላው አይቶ ይከተላል።

9. ዋዲውና ቦዩ

እዚህ ዮሬ የሚሉት የመጀመሪያው ዝናብ በጥቅምት አካባቢ ይመጣል። በጋውን ሙሉ ከተማው ውስጥ የተጣለው ሁሉ በአንድ ሌሊት ባህር ይገባል። ስለዚ መስከረም ላይ ቦዮቹ ይጠረጉ፣ የብረት መረብ ይደረግባቸው፣ ከዝናቡ ማግስት መረቡ የያዘው ቆሻሻ ይነሳ፣ አለበለዚያ ሰፈር ያጥለቀልቃል። ይሄ ስራ የቢች ጽዳት በጀት ውስጥ ስለማይገባ ነው ሁልጊዜ የሚረሳው፣ ከመንገድና ከፍሳሽ ክፍል ጋር አብራችሁ ተቀመጡ።

ውሃው ራሱስ? አሸዋው አምሮ ውሃው ውስጥ የሽንት ቤት ፍሳሽ ካለ ምን ዋጋ አለው። ሰማያዊ ባንዲራ የሚባለው ለዳርቻ የሚሰጥ አለም አቀፍ እውቅና በአንድ የዋና ወቅት ቢያንስ 5 የውሃ ናሙና ይጠይቃል፣ በናሙናዎቹ መሀል ከ31 ቀን በላይ ማለፍ የለበትም፣ የሚለኩት ከሰገራ የሚመጡ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ኢ ኮላይ ከ250፣ ኢንቴሮኮካይ የሚባለው ደግሞ ከ100 መብለጥ የለበትም። ፍሳሽ መስመር ከተበጠሰ ግን ላብራቶሪ እስኪመልስ አትጠብቁ፣ በዛው ሰዓት ዝጉ፣ ምልክት ስቀሉ።

10. ሬንጅ ሲመጣ

የካቲት 2021፣ ከማዕበል በኋላ፣ ከ190 ኪሎ ሜትር ገደማው የሜዲትራኒያን ዳርቻችን 160ው ያህል ላይ ባህር ላይ ከፈሰሰ ነዳጅ የመጣ ሬንጅ ተለጠፈ። ጥቁር ኳስ ኳስ ሆኖ፣ ድንጋዩ ላይ እንደ ማስቲካ። ህዝቡ ልቡ ነክቶት በባዶ እጁ ወጣ፣ የሬንጁን ትነት ስበው ሆስፒታል የገቡ ነበሩ፣ ከዛ ዳርቻው ተዘጋ። ከዛ የተማርነው፦ ዝጉ፣ ፈቃደኛ ያለ ማስክ፣ ያለ ጓንት፣ ያለ ረጅም እጅጌ አይግባ፣ ማሽን አይግባ ምክንያቱም ሬንጁን ከአሸዋው ጋር ይለውሰዋል። በእጅና በወንፊት ብቻ፣ ለብቻው ጆንያ፣ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቀል። እግር ላይ ከተለጠፈ በምግብ ዘይት ይጸዳ፣ ቤንዚን ግን አይነካ።

11. ኮንትራቱ፣ እውነቱን ለመናገር ዋናው ነገር

መጀመሪያ ላይ ስለ አሸዋ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ትመጣለች። ስሙን አልጠራም፣ አንድ ቀብላን፣ ማለት ኮንትራክተር፣ ስር ስሰራ ክፍያው በቶን ነበር። በቶን ከተከፈለ ደግሞ ከፕላስቲክና ከአሸዋ የቱ ይከብዳል? ሹፌሩ ጥርሱን ያጠልቃል፣ ጤዛ የጠጣውን አሸዋ በወንፊቱ ያነሳል፣ ሳጥኑ በግማሽ ሰዓት ይሞላል፣ መኪናው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። አንድ ጭነት አብሬ ወርጄ ሲገለበጥ አየሁት፣ ክምሩ ወርቃማ ነበር፣ ከላዩ ላይ ሁለት ሶስት ኩባያና አንድ የልጅ ሰንደል ጫማ። ስናገር "አንተ ምን ቸገረህ" ተባልኩ። በሶስተኛው አመት የሻወሩ መሰረት ኮንክሪት ከአሸዋው በላይ ወጥቶ መታየት ጀመረ። ባህሩም የራሱን ድርሻ ወስዶ ይሆናል፣ እኛ ግን በመኪና ስናግዘው ነበር።

ስለዚ ኮንትራት ስትጽፉ በቶን አትክፈሉ፣ በጆንያም አትክፈሉ። ቅድም ያሳየኋችሁን ቁጥር አስገቡ፣ ዳርቻው ከ5 በታች ከሆነ ሙሉ ክፍያ፣ ከ10 ካለፈ ቅነሳ፣ ቆጣሪው ደግሞ የኮንትራክተሩ ሰው አይሁን። ከሚወጣው ጭነት ውስጥ አሸዋው ከፍ ያለ ከሆነ ቅጣት የሚል አንቀጽ ጨምሩ፣ ማረጋገጫውም ቀላል ነው፣ አንድ ባልዲ ከጭነቱ ውሰዱ፣ በወንፊት ንፉ፣ የቀረውንና የወረደውን መዝኑ። እና ሰራተኛው በሰዓት ይከፈለው፣ ጫማና ጓንቱ ኮንትራቱ ላይ በስም ይጻፍ፣ ካልተጻፈ ጓንቱን ለቃሚው ከኪሱ ነው የሚገዛው።

12. ከመውጣታችሁ በፊት

ጸሀይ ስትወጣ፣ ትራክተሩ ከቆመ በኋላ፣ የፈረቃ ኃላፊው ጫማውን ያወልቃል። ከነፍስ አድኑ ማማ እስከ ውሃው፣ ከውሃው ደግሞ እስከ ሻወሩ በባዶ እግሩ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ሲነገረኝ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። እግር አይን የሳተውን ያገኛል፣ የብርጭቆ ጠርዝ፣ ያልጠፋ ከሰል፣ የተሰበረ ስንጥር። የሆነ ነገር ከነካህ ለቃሚዎቹ ያን መስመር ይደግሙታል፣ ምንም ካልነካህ ደብተሩ ላይ ሰዓቱን ጽፈህ ትፈርማለህ፣ ያኔ ሽማግሌዎቹ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው መውረድ ጀምረዋል።